ዓይን የሌላቸው ሃያ ሰባት ሥዕሎች

ነሐሴ 3 ቀን 1971፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

በከፍተኛ ሐዘን እንገልጻለን፦ የግራ እግር ኮንጎ ጫማዬ ዛሬ ማለዳ ቁልቁለቱ ጭቃ ውስጥ ተሰንጥቆ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። አራት ክረምት በታማኝነት አገልግሏል። ቀኙ በሕይወት አለ። ብቸኝነቱን እንዴት እንደሚችለው ግራ ከገባው እኔን ይጠይቀኝ።

ሌላ ዜና። ደርቡ ያፈሳል። አንድ ድስት፣ ሁለት ጣሳ፣ አንድ ሳፋ ለግዳጅ ተሰማርተዋል። ሥዕሎቹ ከግድግዳው ፈቀቅ ብለው፣ ጀርባ ለጀርባ ተደግፈው፣ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ጋቢው የመርሻ ነው። እሱን ከእንግዲህ አይበርደውም።

ጓድ ደብተር፣ ገና ስድስተኛ ገጽህ ላይ ስለሆንን ነገሩን በአጭሩ ላስረዳህ። መርሻ ባሌ ነበር። ግንቦት ላይ ዐረፈ። ለደመወዙ የት/ቤቱ የእጅ ሥራ መ/ር፤ ለራሱ ሠዓሊ። አባቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ጊዮርጊስን ከነፈረሱ አስተምረው ወደ አዲስ አበባ የሥዕል ት/ቤት ላኩት። ልጁ ሲመለስ ፈረሱንም ሰማዕቱንም ዘንዶውንም እዚያው ጥሎ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ቀለም ብቻ። ቀይ ከግራጫ ጎን። ቡናማ በቡናማ ላይ። ሰው የለ፣ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት አንዱን ትኩር ብላ አይታ፣ መቼ ይጀምረዋል ብላ ጠየቀችኝ። ጨርሶታል አልኳት። እጄን ያዝ አድርጋ አብሽሪ አለችኝ።

ልጅ አልወለድንም። ሃያ ሰባት ሥዕል ትቶልኛል። ደርቡ ሌላ ክረምት አይችላቸውም፤ እኔም ለዘላለም አልኖርም። የሚያርፉበት ቦታ መፈለግ አለብኝ። ሥራዬ ይኸው ነው። የቀረው መተየብ ነው፤ ለዚያ የአውራጃው ጽ/ቤት ይከፍለኛል።

ነሐሴ 5፤ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ

ጓድ ይመር መጣ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር። የጎረቤቴ የእትዬ ጥሩ ልጅ፤ ንፍጡን ጠርጌለታለሁ። ጽ/ቤት ውስጥ «ጓድ» እለዋለሁ፣ ቤት ውስጥ «ይመር»። በራፌ ላይ ሲቆም የትኛው እንደመጣ የምለየው በኮፍያው ነው። ዛሬ ኮፍያ አድርጓል።

ጉዳዩ፦ የመስከረም 2 የአብዮት በዓል ደርሷል፣ መፈክር መጻፊያ አቡጀዲ የለም። የጫነው መኪና ጭቃ ይዞት ቀርቷል፤ ሱቆቹ ባዶ ናቸው። ይመር ሲያስብ አደረና መምህሩ ትዝ አሉት። ሥዕሎቻቸው አቡጀዲ ላይ ናቸው። ጀርባቸው ነጭ ነው። ፊቱን አንነካም እትዬ ስንዱ፣ ጀርባውን ብቻ ነው አለኝ።

የዘይት ቀለም ይሰርጋል፣ ፊቱን ያበላሸዋል አልኩት።

«ፊቱ ከዚህ በላይ ምን ይበላሻል?» አለ።

በክፋት አይደለም። ከልቡ ነው የጠየቀው። እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። ሲወጣ ድስቱን ረገጠ፣ ውሃው ተደፋ፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ መልሶ ሊጨልፈው ሞከረ። ያን ጊዜ ኮፍያው ወደቀና ለአፍታ ይመር ሆነ። ከዚያ አንስቶ አደረገው።

ነሐሴ 8

ወደ ነፍስ አባታችን ወደ ቄስ ወልዴ ሄድኩ። እሳቸውና መርሻ አብሮ አደጎች ናቸው፤ ሁለቱም በመርሻ አባት እጅ ቀለም ሲፈጩ ያደጉ። አንዱ ቀስሶ ቀለሙን ተወ፤ አንዱ ቀለሙን ይዞ ቅዱሳኑን ተወ። ሥዕሎቹን ዕቃ ቤት እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኩ።

«የማን ሥዕል ነው?» አሉ።

የማንም አይደለም አባቴ።

«ስንት ዓይን አለው?»

ለማያውቅ ደብተር፦ በአባቶቻችን አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት ያያል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ከሐዲ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ለይሁዳ ሁለት ዓይን የሰጠ ሠዓሊ እስከ ዛሬ አልተሰማም። እንግዲህ ዕቃ ቤት የሚገባ ነገር ዓይኑ ተቆጥሮ ነው የሚገባው።

ምንም ዓይን የለውም አልኳቸው።

ብዙ አሰቡ። «እንዲህ ከሆነ ጻድቅም አይደል፣ ከሐዲም አይደል፤ የት ላድርገው ልጄ?» አሉ። ማኅበረ ካህናቱም ይጠይቁኛል አሉ። እውነታቸውን ነው። ሥዕሎቹን አይተዋቸው እንኳ አያውቁም፤ ጉልበታቸው የኛን ደርብ መሰላል አይወጣም፣ መርሻ ደግሞ ሥራውን ይዞ የሚዞር ሰው አልነበረም። መርሻን እወደው ነበር ብለው ንግግራቸውን ጀመሩና አልጨረሱትም። ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

በባዶ እጄ ተመለስኩ። ዝናብ። ሽምብራ ቆርጥሜ ተኛሁ።

ነሐሴ 10፤ ቀትር፣ ጽ/ቤት

የቅርስ መዝጋቢውን ላስተዋውቅህ። ከደሴ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሳል ያለበት። አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሊመዘግብ ለአሥር ቀን መጣ። አሥረኛው ቀን ላይ ዝናቡ ዘጋው። አውሮፕላን አያርፍም፣ መኪና አይገባም፣ በቅሎ አከራዮቹ ሲያዩት ይሸሻሉ። ሥራ መፍታት አይችልምና መመዝገቡን ቀጠለ። የሆቴሉን ደወል መዘገበ። የይመርን አያት ኮርቻ መዘገበ። የአንዲት አሮጊት ቅል መዘገበ፤ አሮጊቷ ቅሉን ሊወስደው መስሏት ሦስት ቀን ደበቀችው።

ቅጾቹን የምተይበው እኔ ነኝ። ከያንዳንዱ ግርጌ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ አርባ ጊዜ ያህል ተይቤዋለሁ። ዛሬ አነበብኩት። «የተመዘገበን ቅርስ ያለ ፈቃድ መቁረጥ፣ መቀባት ወይም መለወጥ ክልክል ነው።»

ጣቶቼ መተየቢያው ላይ ቀሩ።

መዝጋቢውን ሥዕልስ ትመዘግባለህ ወይ አልኩት። ዓይኑ በራ፤ ከቅል በኋላ ሥዕል ማለት ሹመት ነው። ግን አንድ ዓምድ አለ፦ «የሚያመለክተው»። ባዶ ከሆነ ደሴ ያሉት አለቆቼ ዋጋ የለውም ብለው ይሰርዙታል አለኝ።

ሙሉ ይሆናል አልኩት።

ነሐሴ 12፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ተፈጸመ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሃያ ሰባት ስም። መርሻ ለሃያ ዓመት አንድ ስም ያልሰጠውን እኔ በሁለት ብርጭቆ ሻይ ጨረስኩት።

ቁ. 1፣ ሙሉ በሙሉ ቡናማ፦ «የአራሹ ላብ»። ቁ. 6፣ ሁለት ጥቁር መስመር መሐሉ ላይ የተቋረጠ፦ «ጭቁኑ ሕዝብ ሰንሰለቱን ሲበጥስ»። የተቋረጠው ብሩሹ ደርቆ ነው፤ እዚያው ነበርኩ። ቁ. 14፣ ደብዛዛ፣ ታች ጎድጎድ ያለ ጥቁር ያለበት፦ «የአራሹ ንጋት»። ቁ. 19፣ ጥግ ላይ የተሸጎጠች ግራጫ ነጥብ፦ «አድኃሪው ሲሸሽ»። በዚች እኮራለሁ። ሃያዎቹ ላይ ስደርስ ደከመኝ። ቁ. 22፦ «ትግሉ ይቀጥላል»። ቁ. 23፦ «ትግሉ አሁንም ይቀጥላል»።

መዝጋቢው ደርብ ወጥቶ አንድ በአንድ አመሳከረ። ቁ. 23 ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሞ፣ አዎ፣ እዚህ ላይ ድካሙ ይታያል አለ። ማኅተም ተመታ። ግልባጭ ለቀበሌው።

ጓድ ደብተር፣ ዛሬ ማንም አይነካቸውም። ራት ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አብሮኝ የሚስቅ ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ።

ነሐሴ 17፤ ጾም በተፈታ ማግስት

የእትዬ ጥሩ ዶሮ ወጥ ሆዴን ገና ሳይለቅ ልጃቸው መጣ። ከነኮፍያው፣ ግልባጩን በእጁ ይዞ። መቀመጫ ስሰጠው አልቀመጥ አለ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው። መምህሬን አላወቅኋቸውም ነበር አለ። ክፍል ውስጥ ጭቃ ሲያስቦኩን ሲውሉ፣ እኔ ጊዜ የሚያባክኑ ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ ስለ አራሹ ነው የሚያስቡት አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። መቀመጫውን መልሼ አነሣሁ።

ከዚያ ውሳኔው መጣ። መስከረም 2 ሃያ ሰባቱም ሥዕሎች በሰልፉ ላይ በሕዝብ ትከሻ ከተማውን ይዞራሉ፤ ርእሳቸው በድምፅ ማጉያ ይነበባል።

ዝናቡስ አልኩ። መስከረም 2 ላስታ ላይ ዝናብ አያባራም እኮ።

ድል ዝናብ አይፈራም አለ።

ድሉን አላውቅም፣ ሥዕሉ ግን ይፈራል። መርሻ የገበያ ቀለም አይገዛም ነበር። አባቱ እንዳስተማሩት አፈርና ድንጋይ ፈጭቶ፣ የበሬ ቆዳ ቀቅሎ በሚያወጣው ሙጫ ያቦካል። ሽታው እስከ መንገድ ይደርስ ስለነበር በጾም ሥጋ ትቀቅላላችሁ ተብለን ተከሰናል። ያ ሙጫ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ሾርባ። ሰልፉ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ የአራሹ ላብ በእውነትም ላብ ሆኖ ይንጠባጠባል።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሕዝብ የተሸከመው አይወድቅም ብሎ መለሰልኝ። ቁ. 14ን ለናሙና ወደ ጽ/ቤቱ አሸክሞ ወሰደ። ንጋት የሚለውን ወዶታል።

በአጭሩ፦ ከዘይት ቀለም አድኜ ለውሃ ሰጠኋቸው። ውሸቴ ነው ብዬ ብናገር ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ሆና የሐሰት ሰነድ ያዘጋጀች ሴት እሆናለሁ። ዘንድሮ ከዚያ ባነሰ ነገር የሄዱ አሉ። የሄዱበትን የሚጠይቅ የለም።

ነሐሴ 24

ዝናብ። ጣሳዎቹ ሞልተው ሁለቴ ደፋሁ።

አንድ ቀን ለምን ስም አትሰጣቸውም ብዬው ነበር። ልጅ ያለ ስም ያድጋል ወይ ብዬ። ብሩሹን እያጠበ፣ ሰው ስሙን ካነበበ ሥዕሉን አያይም፣ አንብቦ ያልፋል አለኝ። ገዢ ሲመጣ ምን ብለህ ታሳያለህ ስለው፣ ገዢ አይመጣም አለ። አልዋሸም። አንድ ፈረንጅ መጥቶ ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ የወይራ ፍሬሙን ብቻ ትሸጥልኛለህ ወይ ብሎት ሄዷል። መርሻ ሳምንት ሙሉ ፈረንጁን እያስመሰለ ሲያሥቀኝ ከረመ።

ስሞቹን ቢሰማ ይቆጣኝ ይሆን ብዬ አስባለሁ። አይቆጣም። ቁ. 23 ላይ ሲደርስ በሳቅ ይፈርሳል። የሚያመኝ እሱ ነው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 28፤ ከሰዓት በኋላ

ቄስ ወልዴ መጡ። ሁለት እሑድ ስላላዩኝ ታማ ይሆን ብለው። ቁ. 3 ጥጉ ረጥቦ ስለነበር አውርጄ ምድጃው አጠገብ አቁሜዋለሁ። ጸበል ረጩኝ፣ ተቀመጡ፣ ወሬ ጀመርን። ወሬው መሐል ዓይናቸው ሥዕሉ ላይ ቀረ።

ተነሡ። የረጠበውን ጥግ በጣታቸው ነኩ። አሸተቱት። ከዚያ፣ ጓድ ደብተር፣ የነፍስ አባቴ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ።

ጠጋ ብዬ አየኋቸው።

«ከአማኑኤል ጀርባ ነው፣ ከቦዩ» አሉ።

ምኑ አባቴ?

«አፈሩ ነዋ። ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ቀይ የለም።»

የመርሻ አባት ሁለቱን ሕፃናት ዓይናቸውን በነጠላ አስረው አፈር ያቀምሷቸው ነበር። የተሳሳተው ቀለም ፈጪ ሆኖ ይውላል፤ ያወቀው ውሃ ቀጂ። ቄስ ወልዴ ከፈጩ አርባ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ምላሳቸው አልረሳም። ሌላ አለ ወይ አሉኝ። ሃያ አምስት አለ አልኳቸው። አምጪ አሉ።

መሰላሉን ሃያ አምስት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ። አንዱን በበሩ ብርሃን ፊት አቆማለሁ፣ እሳቸው ጥጉን በእርጥብ ጣት ነክተው ይቀምሳሉ። ነጩ ከአሸተን ማርያም መውጫ። አረንጓዴ የመሰለው ከነአኩቶ ለአብ፣ ውሃ ከሚንጠባጠብበት ከዋሻው አፍ። «አድኃሪው ሲሸሽ» ከጊዮርጊስ ጉድጓድ፣ ከመግቢያው በስተግራ። «ትግሉ ይቀጥላል»ም «ትግሉ አሁንም ይቀጥላል»ም ካንድ ጉድጓድ ናቸው፤ እንዲያውም በአንድ ቀን የተቆፈሩ ይመስለኛል አሉ። በመጨረሻ አፋቸው ዙሪያ ሁሉ ላስታን መስሏል። ውሃ አቀረብኩላቸው። አልጠጡም።

አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «መርሻ ሌባ ነበር» አሉ።

ድምፃቸው እንደ ፍርድ ነው፤ ፊታቸው ግን ሌላ። ከቅጽር አፈር ለበረከት ቆንጠር ይደረጋል፤ በአቁማዳ አይጋዝም። ቅዳሴ ሲያልቅ ሁልጊዜ ከሁሉ ኋላ የሚወጣው ለካ ለዚህ ነው፤ እኛ የጸሎት ሰው ሆነ ብለን ነበር አሉ። ሌባ ሲሞት ወራሽ ይመልሳል። ሥርዓቱ ነው።

ፍቄ ልመልስ? አልኳቸው።

«እንዳለ» አሉ። «የተሰረቀ ዕቃ እንዳለ ነው የሚመለሰው። ዓይኑን የሚጠይቀኝ ካለ፣ አፈር ዓይን የለውም እለዋለሁ።»

ከሄዱ በኋላ ሃያ ስድስቱም ወለሉ ላይ ቆመው ቀሩ። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ሃያ ዓመት አንድም ነገር አይመስሉም ስል የኖርኩት ለካ እየረገጥኩት የምሄደውን ነው።

ጳጉሜን 2

ዛሬ ተመለሱ።

ማኅበርተኞቼ ናቸው የተሸከሙት፤ አሥራ ሦስት ሴት፣ ለሰው ሁለት ሁለት። በቁርበትና በጀንዲ ጠቅልለን፣ በላዩ ጥላ ይዘን። ካፊያ ነበር። የቅጹን ግርጌ ደግሜ አነበብኩ፤ መቁረጥ፣ መቀባት፣ መለወጥ ይላል። መሸከም አይልም።

መታጠፊያው ላይ ጓድ ይመር ገጠመን። ከነኮፍያው፣ ከሁለት ጓዶች ጋር። ሰልፉን ቆጠረ። ምን እንደሆነ ገባው። አፉን ሲከፍት ፊት ለፊቱ እትዬ ጥሩ ደረሱ፤ እናቱ። «አድኃሪው ሲሸሽ»ን በአንድ ጎናቸው፣ «የአራሹ ላብ»ን በሌላው ይዘዋል።

«ዞር በል ልጄ፣ ከብዶኛል» አሉት።

ዞር አለ። ከመንገዱ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ቆመ። ሁላችንም እስክናልፍ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘው። ዝናቡ ራሱ ላይ ወረደበት። ጓዶቹ እሱን አይተው እነሱም አወለቁ፤ የማንን ቀብር እንደሚሸኙ ግን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ዕቃ ቤቱ ደረቅ ነው። ቄስ ወልዴ ተቀበሉ፣ ቆጠሩ፣ ግድግዳውን አስደገፉ። በመጨረሻ አንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ልጅ ሲያስተኙ እንደሚያደርጉት።

ጳጉሜን 4

ይመር ማለዳ መጣ። ባዶ ራሱን። ቁጭ አለ። ሃያ ስድስቱን አላየሁም አለኝ፤ ለጠየቀኝ ለጥገና ሄደዋል እላለሁ። ቁ. 14 ግን ይቀራል። ፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ ለበላይ ሄዷል፤ መድረኩ ፊት ይሰቀላል፣ ሜዳ ላይ። ለዚያች ጣራ የለኝም እትዬ ስንዱ አለ።

ውሰዳት አልኩት። እውነቱን ልንገርህ ጓድ ደብተር፣ ቅር አላለኝም። ከሃያ ሰባቱ ያልወደድኳት እሷን ነው። ደብዛዛ፣ ታች ጥቁር ጎድጓዳ፣ የተጣለ ድስት ትመስላለች። ሃያ ስድስት አዳንኩ። አንዲት ለአብዮቱ ብሰጥ ንፉግ አልባልም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ለቄስ ወልዴ ላመሰግን ወጣሁ።

ሃያ ሰባተኛውስ አሉኝ። ነገርኳቸው። ምን ዓይነት ነው አሉ። ነገርኳቸው፤ ጎድጓዳውን፣ ድብዝዝነቱን።

እጃቸውን ከመስቀላቸው ላይ አነሡ።

እሷን መቅመስ አያስፈልገኝም አሉ። «አንቺ ታይፕ ልትማሪ ደሴ የሄድሽ ዓመት ነው። ልጠይቀው ብመጣ መርሻ ደጃፉን ይቆፍራል፤ የራሱን የቤቱን ደፍ፣ በዶማ። ምን ነክቶሃል አልኩት። ስትሄድ የመጨረሻ የረገጠችው ይኸን ነው አለኝ። ጉድጓዱንስ ለምን አትደፍነውም ስለው፣ ስትመለስ ትደናቀፍ፣ ቶሎ ብላ እንዳትገባ፣ ቆማ ላያት አለኝ» አሉ።

ጉድጓዱን አውቀዋለሁ። ከአሥር ወር በኋላ ስመለስ ወድቄበታለሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ለባሌ መጀመሪያ የተናገርኩት ቃል ስድብ ነው፤ የሰነፍ ቤት አልኩት፣ የደፉን ጉድጓድ እንኳ የማይደፍን። ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ። እያላገጠብኝ መስሎኝ ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በነጋታው ደፈነው። አፈሩ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። ማን አፈር የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። በቀበሌው ጽ/ቤት መስኮት ሥዕሏን አየኋት። ጣራው እዚያም ያፈሳል፤ ከሷ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ይንጠባጠባል።

ጳጉሜን 6፤ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ጽ/ቤት

ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ነው። በአራት ዓመት አንዴ የሚሰጥ ትርፍ ቀን። ለእንዲህ ያለ ሥራ ይሆናል።

ይመርን ትላንት ለመንኩት። ሌላ ልስጥህ አልኩት፤ ሌላ የለኝም። ምክንያት ስጪኝ አለኝ፤ የተመዘገበ የአብዮት ሥዕል ነው፣ በምን አፌ አወርደዋለሁ፣ ወረቀት ካለኝ ግን አወርደዋለሁ። ማስፈራራቱ አይደለም። ልጁ ወረቀት እየለመነኝ ነው። ወረቀቱ ደግሞ እኔን የሚያስጠይቅ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ሲናገር ጫማውን ያይ ነበር።

መዝጋቢው በቅሎ አግኝቷል። ከሰዓት በኋላ ይሄዳል። መዝገቡ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ ነው።

መርሻ ሃያ ዓመት ምንም አይደለም ሲሉት አዎ ምንም አይደለም እያለ ኖረ። እኔ አንድ ቀን ፈራሁና አንድ ነገር ነው አልኩ። ይህን ይዤ እሱ አጠገብ መቀበር አልፈልግም። ከሥራ ያስወጡኝ ይሆናል። ከዚያም ይብስ ይሆናል። ለእትዬ ጥሩ የቤቱን ቁልፍ ሰጥቻለሁ፤ ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

ሦስት ቅጂ ተየብኩ። ፈርሜ፣ አንዱን ለመዝጋቢው፣ አንዱን ለይመር በእጄ አደርሳለሁ። ሦስተኛው አንተ ዘንድ ይቀመጥ።

ለሚመለከተው ሁሉ

ጉዳዩ፦ እርማትን ስለ ማሳወቅ

በነሐሴ 12 ቀን 1971 በቀረበው የቅርስ ዝርዝር፣ ከተራ ቁጥር 1 እስከ 27 «የሚያመለክተው» በሚለው ዓምድ ሥር የተሞላው በሙሉ ስህተት ነው። ስህተቱ የሠዓሊው አይደለም። የመዝጋቢውም አይደለም። የጽሑፍ ሠራተኛዋ ነው።

በተለይ በተራ ቁጥር 14 «የአራሹ ንጋት» ተብሎ የተመዘገበው ንጋት አለመሆኑ ተረጋግጧል። ሥዕሉ የተሠራው ከአንድ መኖሪያ ቤት ደፍ ላይ ከተወሰደ አፈር ሲሆን፣ አራሽን፣ ሕዝብንም ሆነ ድልን አያመለክትም። በሰልፍ መያዝም ሆነ ውሃ መንካት የለበትም። ለቤቱ ባለቤት እንዲመለስ እናሳስባለን።

ሠዓሊው ለሥዕሉ ስም አልሰጠም። ሊሰጥ ቢፈልግ ኖሮ የማንን ስም ይሰጠው እንደነበር ጽ/ቤቱ ዘግይቶም ቢሆን ደርሶበታል።